የኢታና ሰማንያ ሁለት እናቶች

ጎረቤቴ ኢታና ሽሪምፕ ያረባል ብዬ ሳወራ ሰው መጀመሪያ ይስቅብኝ ነበር፤ ቀጥሎ «የት?» ይለኛል። መካኒሳ አቦ፣ ከሱቄ ጀርባ ባለው ግቢ፣ የአባቱ ላሞች ያድሩበት በነበረው በረት ውስጥ ነዋ። ባህር ከእኛ በየት በኩል እንደሆነ እኔ አላውቅም። ኢታና ግን ባህሩን ራሱ ይሠራዋል። ጥሬ ጨው በኩንታል ከእኔ ይገዛል፣ ዶክተር ኤሌኒ የምታመጣለትን ማዕድን ይጨምርበታል፣ ከዚያ በሚዛን እየለካ ሦስት ትልልቅ ገንዳዎች ውስጥ ያሟሟዋል። ውሃው ቀንም ሌትም ለብ ማለት አለበት። መብራት ሲጠፋ ሚስቱ ሞልቱ ከሰል ታያይዛለች፤ እሱ የፈላ ውሃ በጀሪካን እየሞላ ገንዳው ላይ ያንሳፍፋል። እንግዲህ ይህን የሚያደርገው ሰፈርተኛው አይቶት ለሚጠየፈው፣ ብዙ እግር ላለው፣ ከበረሮ እምብዛም ለማይሻል ፍጥረት ነው። እኔ አንዴ ጠብሶ አቅምሶኛል። የሸጥኩለትን ጨው መልሼ የበላሁ ነው የመሰለኝ።

የኢታና ወገኖች ከአስፋልቱ በፊት እዚህ የነበሩ ገበሬዎች ናቸው። አባቱ አባባ ኢሉ በዘመናቸው አሥራ ዘጠኝ ከብት ነበራቸው። እኔ ሱቄን ስከፍት ሦስት ላም ቀርቷቸው ነበር፤ ሳሩም በጋሪ ተገዝቶ ነው የሚመጣው። መሬቱ መጀመሪያ መንገድ ሆነ፣ ቀጥሎ ኮንዶሚኒየም፣ ቀጥሎ ከላሞቹ ሁለቱ ሞቱ። ልክ ያን ጊዜ ነው ዶክተር ኤሌኒ የመጣችው። የዓሣ ተመራማሪ ናት፤ ገና ወጣት ሴት ናት፣ ነገረ ሥራዋ ግን እንደ ትልቅ ሰው ነው። ለምርምር የሚሆን ጣሪያ ያለው ሰፊ ቦታ ትፈልግ ነበር። ኢታና በረቱን አከራያት፣ ራሱም ዘበኛ ሆኖ ተቀጠረ፣ የመጨረሻዋን ላም ሸጠ። ላሟን የሸጣት አባቱ ለቅሶ በሄዱበት ቀን ነው። እዚያ ላይ አጥፍቷል፤ ወዳጄ ቢሆንም አልደብቅለትም።

አባባ ኢሉ ከለቅሶ ሲመለሱ በረቱ ባዶ ነበር። የሚቀመጡባትን ዱካ ከበረቱ ደጃፍ አንስተው ቤቱ ግድግዳ ሥር አስቀመጡ፤ «ሁለተኛ ይህን ደጃፍ አልረግጥም፤ አንተንም አልመርቅህም» አሉት። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ሰባት ዓመት ሙሉ ቃላቸው እንደወጣ ቀረ። በዓል በመጣ ቁጥር የልጅ ልጆቻቸውን ይመርቃሉ፣ ሞልቱን ይመርቃሉ። ለእኔ ለስልጤው እንኳ «ሱቅህ ይሙላ፣ ደንበኛ አይጥፋብህ» ብለው፣ እጄን ይዘው እንትፍ እንትፍ ይሉብኛል። ኢታና ጎንበስ ሲል ግን ፊታቸውን ወደ ግድግዳው ያዞራሉ። ሃምሳ አራት ዓመት የሞላው ሰው፣ የልጆች አባት፣ ጎንበስ ብሎ ቆይቶ ቀና ሲል አይቻለሁ። ሰው የሚያዝንበት ነገር ነው።

ምርምሩ በሦስተኛው ዓመት ተዘጋ። እንስሶቹ ይወገዱ ተባለ። ኢታና ኤሌኒን «ለእኔ ስጪኝ» አላት። ምን ሊያደርጋቸው እንደሆነ እሷም አላወቀችም፣ ግን ሰጠችው። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም እንዲሉ፣ ኢታና እነዚያን ነፍሳት አልለቀቀም። እንቁላል ማስጣሉን፣ ጫጩቱን መለየቱን፣ ውሃውን መቅመሱን ሁሉ ተማረው። በብስራተ ገብርኤል በኩል ላሉ ሁለት ሆቴሎች በባልዲ እያደረሰ ይሸጥ ጀመር። ልጆቹ የተማሩት በዚያ ነው። ገንዳዎቹን «በረቴ» ይላቸዋል፤ ሽሪምፖቹን ደግሞ፣ አላህ ያሳያችሁ፣ «ከብቶቼ»።

ባለፈው መጋቢት፣ ማክሰኞ ጠዋት፣ ገና ሱቅ ስከፍት በአጥሩ በኩል ጠራኝ።

«ሸምሱ፣ ና እስቲ እይልኝ።»

አንደኛው ገንዳ ውስጥ ሽሪምፖቹ ወደ ላይ ወጥተው፣ እግራቸውን እንደነገሩ እያንቀሳቀሱ ይንሳፈፋሉ። መኖው እንዳለ ከሥር ተኝቷል። አንዷን አውጥቶ መዳፉ ላይ አስቀመጠልኝ። ቅርፊቷ ላይ ነጭ ነጭ ነጥብ አለ።

«ጨውህ ምን አለበት?» አለኝ።

ተናደድኩ። ከላሞቹ ጊዜ ጀምሮ አሥራ ሁለት ዓመት ጨው ሽጬለት እንዲህ ይለኛል። ትቼው ልሄድ ስል ያቺን ሽሪምፕ ቀስ አድርጎ ወደ ውሃው ሲመልሳት አየሁ፤ ስልኬን አውጥቼ ለኤሌኒ ደወልኩ።

ኤሌኒ በጀሞ በኩል ዞራ፣ ከሁለት ሰዓት በኋላ ደረሰች። አንዷን ሽሪምፕ ወደ ብርሃን ይዛ አየቻት፤ ከዚያ በረቱ ወለል ላይ ቁጭ አለች። ቫይረስ ነው አለች። ሰው ላይ ምንም አያመጣም፤ ሽሪምፕን ግን በቀናት ውስጥ ይጨርሳል፣ ከያዘ በኋላም መድኃኒት የለውም። ከዚያ ስለ ባልዲው ጠየቀችው። ኢታና ወደ ሆቴል የሚያደርስበት ባልዲ ነው። በዚያ ሰሞን ወጥ ቤቶቹ ከውጭ የመጣ የበረዶ ሽሪምፕ አቅልጠውበት ነበር፤ እሱም አለቅልቆ ይዞት ተመለሰ።

«አጥቤዋለሁ እኮ» አላት።

«በረዶ አይገድለውም፣ ጋሽ ኢታና። መለቅለቅም አይገድለውም» አለች ቀስ ብላ።

አንደኛው ገንዳ በሦስት ቀን አለቀ። ሁለተኛው ጀመረው። የቀረው ሦስተኛው ነው፤ ከግድግዳ ወዲያ፣ ለብቻው። እዚያ ያሉት እናቶቹ ናቸው፣ እንቁላል የሚጥሉት፤ ሰማንያ ሁለት። እነሱ ካሉ ሁሉም እንደገና ይኖራል። እነሱ ካለቁ ግን አለቀ። ዘራቸው ከውጭ እንዲገባ ኤሌኒ ያኔ ፈቃድ ለማግኘት ሁለት ዓመት ነው የፈጀባት፤ አሁን የሚጠይቅላትም የለም። እነሱ ካለቁ ኢታናን የሚጠብቀው ሥራ አንድ ነው። አባቱ ከብት ያሰማሩበት በነበረው መስክ ላይ ከቆሙት ፎቆች ባንዱ ደጃፍ ዘበኛ ሆኖ መቀመጥ። ይህን ራሱ ነው የነገረኝ፣ እያለቀሰ። ሽማግሌ ሊባል የተቃረበ ሰው እንዲያ ሲያለቅስ አይቼ አላውቅም።

ኤሌኒ ሐሙስ ዕለት በበረዶ ሣጥን አንዲት ብልቃጥ ይዛ መጣች። ጣት የምታክል፣ ውስጧ ያለው ውሃ የሚመስል። ውጭ አገር አብራት የተማረች ጓደኛዋ ቤተ ሙከራ ውስጥ ለሙከራ ተሠርቶ የተረፈ ነው። ሌላ ለማግኘት ሦስት ወር ይፈጃል አለች። ምን እንደሆነ ስንጠይቃት እንዲህ አስረዳችን።

«ቫይረሱ ብቻውን ምንም አይሠራም። ሽሪምፗ ሰውነት ውስጥ ገብቶ ‹እኔን አባዙኝ› የሚል ትእዛዝ ይበትናል። ትእዛዙ የሚወጣው ከዘረመሉ፣ ከጂኑ ነው። እኛ የትእዛዙን አንድ ክፍል ቀድተን፣ ድርብ ክር አድርገን ሠራነው። የሽሪምፗ ሰውነት ድርብ የሆነ ሲያገኝ ጠላት መሆኑን ያውቃል፤ ይቆራርጠዋል። ከዚያ በኋላ ያንን የሚመስለውን ሁሉ እያደነ ይቆርጣል። ቫይረሱ ቢገባ እንኳ ጂኑ ዝም ይላል፣ ትእዛዙ አይሰማም።»

«ለዘበኛ የሌባውን ፎቶ ቀድሞ እንደመስጠት ነው በይኛ» አልኳት።

«እንደዚያ ነው። ግን ሌባው ከመግባቱ በፊት ነው መስጠት ያለብን። ከገባ በኋላ ፎቶው ብዙ አይጠቅምም።»

ቀጥላ ያለችው ነገር ዛሬም ጆሮዬ ላይ አለ። ይህ መድኃኒት ሰውን አይችልም አለች። ላባችን፣ ትንፋሻችን፣ ከሁሉም በላይ ምራቃችን ውስጥ እሱን የሚበጣጥስ ነገር አለ። ስለዚህ ጓንት፣ ማስክ፣ ንጹሕ ሳፋ። ባዶ እጅ እንዳይነካው። ኢታና እንደ ተማሪ ቤት ልጅ ራሱን ይነቀንቃል።

ዓርብ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ኤሌኒ ራሷ መኖውን በመድኃኒቱ አርሳ፣ በዓሣ ዘይት ለውሳ፣ ሳፋውን ከደነችው። አንድ ሰዓት ይጠጣ፣ ከዚያ ስጣቸው አለችው። እሷ ከሁለተኛው ገንዳ የወሰደችውን ናሙና ይዛ፣ ቤተ ሙከራው ሳይዘጋ ለመድረስ ወጣች። ኢታና ጓንቱንና ማስኩን እንዳደረገ ሳፋው ፊት ተቀመጠ። እኔም ሱቁን ለሚስቴ ትቼ አጠገቡ ተቀመጥኩ። የቸገረው እርጉዝ ያገባል፤ እኛም ያቺን ጣት የምታክል ብልቃጥ አምነን ሰዓት እንቆጥር ነበር።

ሰዓቱ ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው፣ በሩ ላይ ጥላ አየን። አባባ ኢሉ ናቸው። ሞልቱ ክንዳቸውን ይዛለች። ዓይናቸው ከደከመ ቆይቷል፤ ብርሃንና ጨለማ ከመለየት በቀር አያዩም። የበረቱ ደፍ ላይ ሲደርሱ ቆሙ። ከዚያ ቀኝ እግራቸውን አንስተው አሻገሩት።

«ኢታና» አሉ።

ሰባት ዓመት ስሙን ሲጠሩት አልሰማሁም። እሱም እንዳልሰማ ፊቱ ይናገር ነበር።

«አቤት፣ አባዬ።»

«ትናንት ስታለቅስ ሰማሁህ። ግድግዳው ስስ ነው። ከብት ያለቀበትን ሰው ለቅሶ እኔ አውቀዋለሁ።» ትንሽ ተነፈሱ። «እነዚህ የውሃ ነገሮች ምን እንደሆኑ አላውቅም። ከብቶቼ ካልካቸው ከብቶችህ ናቸው። ልመርቅልህ መጣሁ። የሚበሉትን አምጣልኝ።»

ያባባ ኢሉን አመራረቅ ሰፈሩ ሁሉ ያውቀዋል። ለከብት ሲመርቁ ከብቱን አይነኩም። ሊሰጥ የተዘጋጀውን ጨው በገበታ አስቀርበው፣ እሱ ላይ መርቀው፣ እንትፍ ብለውበት፣ ባለቤቱ በእጁ ያዋህደዋል፤ ከዚያ ይሰጣል። ምርቃቱ ለሁሉም እንዲደርስ ነው።

እኔ ወዲያው ገባኝ። በሩ አጠገብ ያልታከመው መኖ በከረጢቱ አለ፣ ጎኑ ባዶ ሳፋ አለ። ሽማግሌው አያዩም። ከከረጢቱ ዘግኜ ባዶው ሳፋ ውስጥ ላደርግ እጄን ስዘረጋ ኢታና አየኝ፤ በእምቢታ ራሱን ነቀነቀ። ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ፣ ማስኩ ውስጥ ሆኖ፣

«ምርቃት አይሰረቅም፣ ሸምሱ» አለኝ።

በጥፊ ባጮለው ደስታዬ ነበር። ደግሞስ ምን እንዲል ፈልጌ ነው? ሰባት ዓመት የጠበቀውን አባቱን «አባዬ፣ ምራቅህ ይገድላቸዋል» እንዲላቸው? እኔም ብሆን መናገር እችል ነበር። «አባባ ኢሉ፣ መድኃኒት አለበት፣ አይቅረቡት» ማለት አንድ ትንፋሽ ነው። አላልኩም። ያ እግር ደፉን ሲሻገር አይቼ ነበርና። ስለዚህ በኢታና ብቻ አልፈርድም።

ኢታና ክዳኑን አንስቶ ሳፋውን አቀረበ፤ እሱም ከፊታቸው ተንበረከከ።

«ሆሪ። ቡሊ» አሉ፣ እጃቸውን ከሳፋው በላይ ዘርግተው። «ርባ፣ ሰንብት። ይብዙልህ። በረትህ ይሙላ። ያጎደልኩብህን እግዜር ይሙላልህ። የበላ ይጥገብ፣ የታመመ ይዳን።»

ሞልቱ «አሜን» አለች። እኔም «አሚን» አልኩ፤ ምን ላድርግ።

እንትፍ። እንትፍ። እንትፍ።

መኖው ላይ ሲያርፍ አየሁት። ኢታና ዓይኑን ጨፍኖ ነበር። ሽማግሌው እጁን በዳበሳ ያዙና ቆም አሉ።

«ይህ ምንድን ነው እጅህ ላይ?»

«ጓንት ነው፣ አባዬ።»

«እጅህን ሸፍነህ ነው ምርቃት የምትቀበለው?»

ኢታና ጓንቱን አወለቀ። ባዶ እጁን ሳፋው ውስጥ ከተተና ከዳር እስከ ዳር፣ ከሥር እስከ ላይ አዋሃደው። ቀስ ብሎ ነው ያዋሃደው። ከዚያ ተነሥቶ ለሰማንያ ሁለቱ እናቶች በተነላቸው። መጥተው በእነዚያ ቀጫጭን እግሮቻቸው እየያዙ በሉ።

«ይበላሉ?» አሉ አባባ ኢሉ።

«ይበላሉ፣ አባዬ።»

ሽማግሌው ሳቁ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ሳምንት ምን ብዬ ልናገረው። አባባ ኢሉ ዱካቸውን ወደ በረቱ አስመለሱ። ጠዋት ጠዋት ለብ ባለው ገንዳ አጠገብ ተቀምጠው የድሮ ከብቶቻቸውን ስም እየጠሩ ያወራሉ፤ ኢታና ውሃ እየለካ ይሰማል። ሁለቱ ሲሳሳቁ እስከ ሱቄ ይሰማኛል። ኢታናን በማውቀው ዘመን ሁሉ ደስ ብሎት ያየሁት ያን ሳምንት ብቻ ነው። እኔ ግን በየሶላቴ «ያ ረቢ፣ ኤሌኒን ውሸታም አድርጋት» እያልኩ እለምን ነበር።

በሰባተኛው ቀን አራት እናቶች መኖ እምቢ አሉ። በማግስቱ ነጩ ነጥብ ወጣ።

ኤሌኒ መጥታ ገንዳውን ለረጅም ጊዜ አየችው። ኢታናን «የነካው ሰው ነበር?» አለችው።

«እኔ ነኝ። ጓንቴን አውልቄ በእጄ አዋሃድኩት።»

«ለምን?»

«ረሳሁ።»

ኢታና ምንም ነገር እንደማይረሳ ከማንም በላይ የምታውቀው እሷ ናት። ወደ እኔ ዞረች። እኔ ወለሉን አየሁ። በዚያ ብቻ ላይሆን ይችላል አለች። ቫይረሱ መድኃኒቱን ከመብላታቸው በፊት ገብቶባቸው ሊሆን ይችላል። በመኖ የተሰጠ ደግሞ ሆዳቸው ውስጥም ይበጣጠሳል፤ በሙከራ ጊዜም ሁሉም አይድኑም። እርግጡን የሚነግረን የለም። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ፤ ደግነቷ ነው፣ ግን ለኢታና ምንም አላደረገለትም። ለእሱ የገባው አንድ ነገር ነው። ራሱ በእጁ ነው ያዋሃደው።

በዚያው ሰሞን አባባ ኢሉን ጉንፋን ያዛቸው። ሞልቱ የበረቱ ወለል ርጥብ ነው እያለች ከቤት አላወጣቸውም። በበሉ ቁጥር «ከብቶቹስ?» ይላሉ፤ «አሉ» ትላቸዋለች። ከግድግዳው ወዲያ ኢታና የሞቱትን በወንፊት ያወጣል፣ ኖራ ነስንሶ ጓሮ ይቀብራል። አንዳንድ ቀን አሥር፣ አንዳንድ ቀን ሃያ ሁለት። የመጨረሻዋ ብቻዋን ሁለት ቀን ቆየች። ኢታና ለእሷ ብቻ ውሃውን ሲያሞቅ አየሁትና ወደ ሱቄ ተመለስኩ።

ቀጥሎ በመጣው ሳምንት ቅዳሜ ሽማግሌው አገግመው ቁጭ አሉ። የሰፈሩን አዛውንቶች ለነገው እሑድ ጠርተዋል። የልጄን በረት ያዩልኛል፣ እነሱም ይመርቁልኛል አሉ። እኔ ልጠይቃቸው ብርቱካን ይዤ ገብቼ ነበር። ሞልቱ ኢታናን አየችው። ኢታና መጥቶ አባቱ አልጋ አጠገብ ተቀመጠ።

«አባዬ፣ አለቁ።»

«ምን አለቀ?»

«እናቶቹ። አንድም አልቀረ።»

እጃቸው ብርድ ልብሱ ላይ ምርኩዛቸውን ፈለገ። ምርኩዙ እዚያ አልነበረም።

«ከመረቅኳቸው በኋላ?» አሉ።

ኢታና እውነቱን ቢናገር አባቱን በገዛ ምርቃታቸው ገዳይ ሊያደርጋቸው ነው። ምርቃቱ አልሠራም ቢል ደግሞ በሰማንያ ስድስት ዓመታቸው የቀረቻቸውን አንዲት ነገር ሊነጥቃቸው ነው። በመጨረሻ ከኤሌኒ የሰማውን ያዘ።

«ዘገየባቸው፣ አባዬ። መድኃኒቱም ምርቃቱም ቀድሞ ቢደርስ ይድኑ ነበር። አንተ ምንም አላጠፋህም፤ ዘገየ ብቻ።»

መልካም መልስ መስሎት ነው። ለአንድ አፍታ እኔም መልካም መስሎኝ ነበር።

ሽማግሌው ግድግዳውን በመዳፋቸው ዳበሱ።

«ሰባት ዓመት» አሉ።

«አይ፣ እሱን ማለቴ አይደለም፣ አባዬ—»

«ሰባት ዓመት። እዚህ ግድግዳ ሥር ተቀምጬ። ከአፌ ሁለት ቃል ማውጣት ነበር።»

ብርድ ልብሱን ገፈፉት። ሞልቱ ስትደርስ እግራቸው መሬት ነክቷል። የምንደግፋቸው መስሎን ሦስታችንም እጃችንን ዘረጋን፤ እሳቸው ግን ቁልቁል ወርደው ልጃቸው እግር ላይ ተንበረከኩ። አባት ለልጅ ሲንበረከክ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው፤ ዳግመኛም አያሳየኝ። ኢታና ብብታቸውን ይዞ ሊያነሣቸው ታገለ። አልነሣም አሉ። እውነቱን አሁን ቢናገር ደግሞ ማን ያምነዋል? የሰባቱን ዓመት ጸጸት ሊያቀልላቸው የፈጠረው ነው የሚሉት።

«ይቅር ብዬሃለሁ በለኝ» አሉት። «ካላልከኝ አልነሣም።»

«አባዬ፣ ይቅር የምልህ ነገር የለም።»

«በለኝ።»

ኢታና ወደ እኔ ዞረ፣ እኔ መልስ ያለኝ ይመስል። ሽማግሌው በሁለት እጃቸው እግሩን ጨብጠው ይጠብቃሉ።

«ይቅር ብዬሃለሁ» አለ ኢታና።

ያኔ ነው አባባ ኢሉ የተነሡት።